«ያው ነው» እያላችሁ ማሽኑን አትግደሉብን!

አቦ ዛሬስ በቃ! ለኮሞዶር 64፣ ለዚያ የድሮ የቤት ኮምፒውተር፣ ካርትሪጅ (ፕሮግራም ይዞ ማሽኑ ላይ የሚሰካ ቦርድ) ሊሠራ ዕቃ የሚሰበስብ የድሬ ልጅ ሱቅ በገባ ቁጥር፣ ቦርድ ባዘዘ ቁጥር አንዲት መልስ ትጠብቀዋለች፦ «ያው ነው»። የቦርዱ ጥርስ ላይ ወርቁ ቢቀር ቆርቆሮውም ያው ነው፣ ኤችሲቲ የሚባለው ቺፕ ከጠፋ ኤችሲም ያው ነው፣ 2764 የሚባለው ሜሞሪ ቺፕ ከሌለ 2764ኤ ውሰድ፣ ያው ነው። አይደለም! ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ፣ ከ1994 ወዲህ ፋብሪካ ያላየ ነው። ሶኬቱ ከተበላሸ፣ ሜሞሪው ከተቃጠለ እንደ ስልክ ስክሪን ጠዋት ሰጥተኸው ማታ የምትወስደው ነገር አይደለም።

ከቦርዱ ጫፍ እንነሳ፤ ብዙው ጥፋት ያለው እዚያ ነው። ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ጫፍ 44 ጥርስ (ከሶኬቱ ጋር የሚገናኝ የብረት ሰረዝ) አለው፣ በየፊቱ 22፣ ከአንዱ ጥርስ መሀል እስከ ቀጣዩ መሀል 2.54 ሚሊ ሜትር። የቦርዱ ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 1.2 ያዘዘ ሰው ካርትሪጁ ላላ ብሎ ይገባለታል፣ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ማሽኑ ስታክ ያደርጋል፣ ከዚያ «ፕሮግራሙ ችግር አለበት» ተብሎ ሶፍትዌር ሲበረበር ይዋላል። ጥርሱ በቆርቆሮ ከተለበጠ ደግሞ ይብሳል። ቆርቆሮ ለስላሳ ነው፤ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ይፋቅና ብናኙ የማሽኑ ሶኬት ውስጥ ይቀራል። ሳይነቀል ቢቀመጥ እንኳ ትንሽ እንቅስቃሴ በበዛበት ቦታ ላይ ኦክሳይድ ይሠራል። የድሬው የከዚራ ሰፈር አቧራ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት። ካርትሪጁ የ10 ዶላር ነገር ሊሆን ይችላል፣ የተጎዳው ሶኬት ግን የማሽኑ ነው።

ወርቁም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። ኢኒግ የሚባለው ከ0.05 እስከ 0.1 ማይክሮን የሚሆን ስስ ሽፋን ነው፤ አንዴ ተሰክቶ ለሚቀመጥ ካርትሪጅ ይበቃል። ጠንካራው ወርቅ በኤሌክትሪክ የሚለበጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.75 ማይክሮን በላይ የሆነ ነው፤ በየቀኑ ለሚነቀል የሚሆነው እሱ ነው። ፋብሪካው ይህን ሥራ ለማዘጋጀት የሚጠይቀው ገንዘብ ለ10 ቦርድም ለ1000 ቦርድም ያው ስለሆነ፣ በ10 ሲካፈል ዋጋው ይወደዳል። «ይህች ትንሽ ቦርድ ይህን ያህል?» የምትሉን ሰዎች፣ ዋጋው ከየት እንደመጣ ይኸው። ጫፉ በ45 ወይም በ30 ዲግሪ መሞረድ አለበት፣ አለበለዚያ ስለታም ጠርዙ የሶኬቱን ምላስ ያጎብጣል። ፋብሪካው ካልሠራው በቀጭን ሞረድና በውኃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት በእጅ ይሠራል። ማስክ አድርጉ፣ የፋይበር ግላስ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

አሁን ወደ ቺፑ። የኢፕሮም (ፕሮግራሙ የሚጻፍበት፣ በመስታወት መስኮቱ በሚገባ የአልትራቫዮሌት ወይም ዩቪ ብርሃን የሚጠፋ ሜሞሪ ቺፕ) ነገር ያንገበግባል! አሮጌ ቺፕ ፊቱ ይፋቅና አዲስ ጽሑፍ ይታተምበታል። ጥጥ በአሴቶን ነክራችሁ ጥረጉት፤ ጥቁሩ ቀለም ከለቀቀ ተቀብቷል ማለት ነው። ከዚያ ፕሮግራመሩ (ቺፕ የሚጻፍበት መሣሪያ) ላይ አድርጉና የአምራቹን መለያ አንብቡ። መለያው ካልገጠመ ሶፍትዌሩ ያስጠነቅቃል፣ ምክር የሚሰጠው ሰው ግን ምን ይላል? «ምልክቱን አጥፋው፣ ያው ነው።» ማስጠንቀቂያው የተቀመጠው እኮ ቮልቴጅ ስለሚለያይ ነው! የኢንቴል 2764 የሚጻፈው በ21 ቮልት ነው፣ 2764ኤ በ12.5። ለሁለተኛው 21 ከሰጠኸው ቺፑ አለቀ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ያገለገለ ኢፕሮም ስለማጥፋትም «የድሬ ፀሐይ እያለ የዩቪ መብራት ምን ያደርጋል» የሚል ሰው አለ። የአምራቾቹ ሰነድ በቀጥታ ፀሐይ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል ይላል። የሚያስጠላው ደግሞ በግማሽ የጠፋ ቺፕ ባዶ ሆኖ መነበቡ ነው፤ ተጽፎ፣ ተፈትሾ፣ ተሽጦ፣ ማሽኑ ሲሞቅ አንዳንዱ ቢት (0 ወይም 1) ይገለበጣል። በ253.7 ናኖሜትር መብራት፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በፊት መስኮቱን በአልኮል ጥረጉ፤ የድሮው ተለጣፊ ሙጫ ብርሃኑን ያግደዋል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ መስኮቱን ብርሃን በማያሳልፍ ነገር ሸፍኑ። ድሬ ውስጥ ይህን መዝለል ጨርሶ አይቻልም።

ኤችሲና ኤችሲቲ የሚባሉት የሎጂክ ቺፖች ባንክ በሚቀያይር (የሜሞሪውን ክፍል እያፈራረቀ በሚያሳይ) ካርትሪጅ ላይ ያስቸግራሉ። የማሽኑ አሮጌ ቺፖች ለ«አንድ» የሚያረጋግጡት 2.4 ቮልት ብቻ ነው። ኤችሲ በ5 ቮልት ሲሠራ 3.5 ይጠይቃል፣ ኤችሲቲ 2.0። ስለዚህ ኤችሲ የገባበት ቦርድ ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ሙቀቱ ሲገባ ያብዳል። ሐረር የሚሞክረው ጓደኛ «እኔ ጋ ደህና ነው» ይላል፤ ሐረር ከድሬ ቀዝቀዝ ያለ ወይና ደጋ ነው፣ ለዚህ ዓይነቱ ስህተት ምስክር አይሆንም። በየቺፑ እግር አጠገብም 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አይረሳ።

ሊድ (የብየዳ ቆርቆሮ) ስትገዙ 63/37 (63 ከመቶ ቆርቆሮ፣ 37 ከመቶ እርሳስ) ይሁን፣ በ183 ዲግሪ አንዴ ይቀልጣል። ቆርቆሮው ያነሰው ርካሹ ዘግይቶ ይቀልጣል፣ ብየዳው ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል፣ የብየዳ ካውያውን ስታቆዩበት መዳቡ ከቦርዱ ይላቀቃል። ለውኃ ቧንቧ የሚሸጠው አሲድ ያለበት ፔስት ቦርድ ላይ ድርሽ አይበል። የፋርማሲው 70 ከመቶ አልኮል 30 ከመቶው ውኃ ስለሆነ ከጠረጋችሁበት በኋላ በደንብ አድርቁ።

ከመሰካቱ በፊት፣ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ካርትሪጁ በእጅ እንዳለ፣ መልቲሜትሩን ሽቦ ሲገናኝ በሚጮኸው ማሳያ ላይ አድርጋችሁ ጥርስ 1 እና 2 ላይ አስነኩት፤ 1 ግራውንድ ነው፣ 2 ደግሞ 5 ቮልት። ከጮኸ ሁለቱ ተነካክተዋልና አትሰኩት። 8 ኪሎባይት ለሚይዝ ካርትሪጅ ጥርስ 9 ብቻ ወደ ግራውንድ ይገባል፣ ለ16 ኪሎባይት 8 እና 9 ሁለቱም። የድሮውን አዳፕተርም አትመኑ፤ ሲበላሽ ቮልቴጁ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሜሞሪውን ያቃጥላል። የ5 ቮልቱ መስመር ላይ ከ5.25 በላይ ካነበባችሁ ጣሉት። መብራት ሲሄድም ማብሪያውን ዝጉ፣ ተመልሶ ሲመጣ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ።

የካርትሪጁን ሽፋን ለውበት ነው ብሎ የሚተው ሰው ደግሞ አለ። ቦርዱን መሀል ላይ የሚይዘው እሱ ነው፤ ያለ ሽፋን ወደ ጎን ከተንሸራተተ አንድ ጥርስ ሁለት ምላስ ይነካል። በ3ዲ ማተሚያ ስትሠሩት ፒኤልኤ በሚባለው ፕላስቲክ አታትሙት፣ ከ60 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከረሱት ይጣመማል። ፒኢቲጂ ይሻላል።

ድሬም ሐረርም ያላችሁ፣ ፋብሪካዎቹ ብዙ ጊዜ ከ5 ቦርድ በታች ስለማይቀበሉ አንድ ላይ እንዘዝ። ትዕዛዙ ላይ ግን ይህ ይጻፍ፦ ውፍረት 1.6፣ ጥርሱ ወርቅ፣ ጫፉ የተሞረደ፣ ጥርስ መሀል አረንጓዴ ቀለም የሌለው። የቺፑም ሙሉ ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል። ተመሳሳይ አለ ካሏችሁ መጀመሪያ ዳታሺቱን (የአምራቹን ሰነድ) ጠይቁ፣ ብሩን ከዚያ በኋላ ስጡ።