የጠበበውን ታኬታ ከልጁ እግር እንዴት እናውልቅ?

ታዳጊ ስፖርተኛ ያለበት ቤት ነገሩን ያውቀዋል። ታኬታው ጠቧል፣ ጎኑ ተቀዷል። አዲሱ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ልጁ ግን አሮጌውን ሙጭጭ ብሎ ይዟል። "ይሄኛው ነው የሚመቸኝ" ይላል። ወላጅ ይቆጣል፣ አሰልጣኝ ይስቃል። ሁለቱም ነገሩን አቅልለው ያዩታል ባይ ነኝ።

አዋቂም እኮ እንዲህ ያደርጋል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1998 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከኒው ዮርክ ኒክስ ጋር ሲጫወት ከጀማሪነቱ ዘመን የቀረውን አሮጌ ጫማ አጥልቆ ገባ። ጫማው ጠቦት እግሩ ደማ። ጨዋታው ሰምሮለት ስለነበር ግን አላወለቀውም፤ 42 ነጥብ አስቆጥሮ ወጣ። ልዩነቱ እሱ አጥንቱ የጠና አዋቂ መሆኑ ነው። ያደረገውም ለአንድ ምሽት ነው። ልጅ ግን በየልምምዱ ያደርገዋል፣ ያውም ገና በሚያድግ እግር።

ልጁ ለምን እንደማይለቀው ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ጎሉን ያገባው በዚያ ታኬታ ሊሆን ይችላል። ወይም ከታላቅ ወንድሙ የወረሰው ነው። ከዚህ የጠለቀ ምክንያት ያለም ይመስለኛል። በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ቁመት በድንገት ይመዘዛል። እግርና እጅ ይረዝማሉ፣ ሩጫው ይቀየራል። ትናንት እግሩ ሥር ትቆም የነበረችው ኳስ ዛሬ እየሾለከች ትሄዳለች። ልጁ በገዛ ሰውነቱ ግራ ይጋባል። በዚህ ሁሉ መሃል ያልተለወጠው ያ ጫማ ብቻ ነው። ታዲያ እሱን "ጣለው" ስንለው ቢያለቅስ ምን ይገርማል?

ጉዳቱ ግን ቀልድ አይደለም። በሚያድግ አጥንት ጫፍ ላይ ገና ያልጠነከረ ለስላሳ ክፍል አለ። ከ8 እስከ 14 ዓመት ባሉ ሯጭና ዘላይ ልጆች ላይ የተረከዝ ሕመም የሚበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሶሉ ያለቀ ጫማ ሕመሙን ያባብሰዋል። የጠበበው ደግሞ ጥፍር ያጠቁራል፣ ጣት ያጣምማል። ያጠረ የቅልጥም መከላከያ ግማሹን ቅልጥም ለምት ያጋልጣል። የታላቅ ወንድም ከባድ ራኬትም በትንሽ ልጅ እጅ የእጅ አንጓንና ክርንን ይጎዳል።

"ያምሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ጫማውን እንዳይቀሙት የፈራ ልጅ መልሱ "አያመኝም" ነው። ይልቅ የውስጡን ንጣፍ አውጡና በስፖርት ካልሲው ይቁምበት። ጣቶቹ ጫፍ ከደረሱ ወይም ካለፉ ነገሩ አለቀ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መኖር አለበት። ይህን በየሁለት ሦስት ወሩ፣ አመሻሽ ላይ፣ በሁለቱም እግሮች አድርጉት። ልጁ በዓይኑ ሲያየው ከእናንተ ጋር የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።

ከዚያ በኋላ ያለው አያያዝ ነው። እባካችሁ ልጁ ትምህርት ቤት ሳለ አሮጌውን አትጣሉበት፣ ለሌላ ሰውም አትስጡበት። ንብረቱ ነው፤ የት እንደሚቀመጥ እሱ ይወስን። የአሮጌውን ማሰሪያ ፈትቶ አዲሱ ላይ ማሰር ከፈለገ ይሰር፣ ማንንም አይጎዳም። ያረጀ ማሊያም ቢሆን ከውስጥ ደርቦ ይልበሰው። አዲሱን ታኬታ ደግሞ በቀላል ልምምድ ያለማምደው። በውድድር ቀን መጀመሪያ ካጠለቀውና እግሩን ካቆሰለው፣ መጥፎ ገዱ ከጫማው ጋር ይያያዝበታል።

ሄልሜት ላይ ግን ድርድር የለም። የብስክሌት ሄልሜት ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ኃይለኛ ምት ከተቀበለ ይጨፈለቃል፣ ተመልሶም አይነሳም። ከውጭ ደህና መስሎ ይታያል። ልጁ የቱንም ያህል ቢወደው ክፍሉ ውስጥ ይስቀለው እንጂ ጭንቅላቱ ላይ አያድርገው። ይህን አሰልጣኙም ወላጁም በአንድ ቃል ይንገሩት። አንዱ ከላላ ልጁ የላላውን ይዞ ይሄዳል።