ሳምፕል «ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ፈቃድ አይፈልግም» ለምትሉ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የራፕ አልበም የምትሠሩ ልጆች አንድ ነገር ስትባባሉ ደጋግሜ አየሁ። «ከድሮ ዘፈን ከ30 ሰከንድ በታች ቆርጠህ ቢትህ ውስጥ ብትከት ፈቃድ አያስፈልግም» የሚል ነው። ሳምፕል የምንለው ይህን ከሌላ ዘፈን ተቆርጦ የሚገባ ድምፅ ነው፤ ቢት ደግሞ ራፑ የሚባልበት ሙዚቃ ነው። ለልፋታችሁ ስለምሳሳ ነው የምጽፈው። እንዲህ የሚል ሕግ የለም።

የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰከንድ አይቆጥርም። በዚያ ላይ የምትወስዱት ቁራጭ ሁለት ነገር ይዟል። ግጥምና ዜማው አንድ፣ የተቀዳው ድምፅ ሌላ። ባለቤቶቻቸው ሊለያዩ ይችላሉ። ዘፋኙ በቃል «ተጠቀም» ቢላችሁ እንኳ ካሴቱን ያሳተመው ሰው መብት አለ። የመንዝ መሰንቆም እንደዚያው ነው። ዜማው የአባቶቻችን ቢሆንም የተቀዳው ድምፅ ባለቤት አለው። ተጫዋቹን አስማምታችሁ ራሳችሁ ብትቀዱት ግን እንዴት ያምራል!

ሂፕሆፕ ውስጥ በዚህ የተጎዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ ፍርድ ቤት የራፐር ቢዝ ማርኪን አልበም ሽያጭ ያገደው ባልተፈቀደ ሳምፕል ነው። ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑም ሲስተሙ አጭሯን ቁራጭ ሊለያት ይችላል። ያኔ ገቢው ወደ ባለመብቱ ይዞራል፣ ወይም ዘፈኑ ይዘጋል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ ወጥቷል፤ አንብቡት። ከከበዳችሁ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቁ። አልበሙ ሳይወጣ ይሁን ታዲያ። ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ካለቀ በኋላ ሳምፕል አውጡ ከተባላችሁ ትራኩን እንደ አዲስ መሥራት ነው።