«የካናዳ ልምድ አለሽ?»

አሁንስ በዛ! ከቶሮንቶ ነዋሪ ግማሽ የሚጠጋው ውጭ አገር የተወለደ ነው። ባቡር ላይ የማይሰማ ቋንቋ የለም። ታዲያ ቤት ልከራይ ስል «የክሬዲት ታሪክሽስ?» ይሉኛል፤ ተበድሮ የመክፈል መዝገብ ማለት ነው። ትናንት ለመጣ ሰው ክሬዲት ከየት ይመጣል? የመጀመሪያና የመጨረሻ ወር ኪራይ በአንዴ ቁጭ አድርጌ ያገኘሁት ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከአላፊ አግዳሚው ጫማ በላይ አያሳይም። ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶም አይደርቅም።

ሥራውማ አይነሳ። አዲስ አበባ ስንት ዓመት ሒሳብ ሠርቼ፣ እዚህ «የካናዳ ልምድ አለሽ?» ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እኮ ይህን መጠየቅ አድልዎ ነው ያለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው! ዳንፎርዝ የሚባለው የቶሮንቶ ጎዳና ላይ ቡና ልንጠጣ ስንገናኝ የሁላችንም ወሬ ይኸው ነው። ሐኪሙ ታክሲ ይነዳል፣ መሐንዲሱ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይሸከማል። አገሩ ደግሞ ሐኪም አጣሁ ይላል። ኧረ መጀመሪያ ፈትኑን! ካልቻልን ያኔ አትችሉም በሉን።