የህንድ ስጋት በፀሐይ ኃይል ብቻ አይፈታም

ስለ ህንድ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የአገሪቱን የኃይል ዋስትና የለካው በፀሐይ ኃይል እድገቷ ነው። እድገቱ ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ግን ፀሐይ የምትሰጠው ኤሌክትሪክ ነው፤ የአገሪቱ ትልቁ ራስ ምታት ደግሞ ነዳጅ ነው። ከምትጠቀመው ድፍድፍ ነዳጅ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውጭ ይገባል። ከዚህም ትልቅ ድርሻ ያለው የሚመጣው በኢራንና በኦማን መካከል ባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ በሆርሙዝ ሰርጥ በኩል ነው።

እስቲ መጠባበቂያውን እንየው። በቪሳካፓትናም፣ በማንጋሎር እና በፓዱር ከመሬት በታች አለት ተፈልፍሎ የተሠሩ የመንግሥት ማከማቻዎች አሉ። ሦስቱም ጢም ብለው ቢሞሉ የሚይዙት 5.33 ሚሊዮን ቶን ነው። ይህ አሥር ቀን እንኳ አያደርስም። ቀሪው ተስፋ የነዳጅ ኩባንያዎች የራሳቸው ክምችት ነው። ለዚህ ነው ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሩሲያ በቅናሽ መግዛት ሲጀምሩ ብዙም ያልገረመኝ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማብሰያ ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የመንግሥት የኡጅዋላ ፕሮግራም በሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ድሃ ቤተሰቦች ሲሊንደር አዳርሷል። በጣም ደግ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከጋዙ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም የውጭ ነው። ዋጋው ሲንር ባዶው ሲሊንደር ጥግ ይቀመጣል፤ እናት ወደ ማገዶና ኩበት ትመለሳለች። ጭሱን የምትምገው እሷ ናት፣ ከነልጇ።

ስለዚህ መንግሥት ለፀሐይ ኃይል እንደሚያወጣው ሁሉ ለኤሌክትሪክ ምድጃም ይደጉም። ማከማቻዎቹንም ያስፋ፤ ችግሩ ከመጣ በኋላ አለት ለመፈልፈል ጊዜ አይኖርም።