ቁልፉን መልሱ እንጂ!

ባለሥልጣኑ "ከኃላፊነት ተነሱ" ከተባለ ወራት አልፎም የያዙት የመሥሪያ ቤት መኪና በመንግሥት ታርጋ ካዛንቺስ ላይ ይሽከረከራል። እስከ መቼ? ርክክብ እኮ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሊብሬው፣ ሁለቱም ቁልፎች፣ ክሪኩ፣ ትርፍ ጎማው አንድ በአንድ ተቆጥረው ንብረት ክፍል ይገባሉ፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ይቆረጣል፣ ከዚያ ነው ክሊራንስ የሚፈረመው። ነገሩ የሚበላሸው ቆጠራው ላይ ነው። የንብረት ሠራተኛው ትናንት "ክቡርነትዎ" ሲላቸው የነበሩትን ሰው "ክሪኩ የታለ?" ማለት ያፍራል፣ ይፈራል፤ ሳያይ ይፈርማል። ኦዲት ሲመጣ ጎደሎው በማን ስም ይጻፋል? በእሱ! ይሄ ግፍ ነው።

ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልተሸኙም። ተሰናባች ባለሥልጣን የሚያገኘውን ጥቅም አዋጅ ቁጥር 653/2001 ዘርዝሮ አስቀምጧል። ሀብት ማስመዝገብም በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ግዴታ ነው፤ ሲወጡ ያላቸው ካልታወቀ ሲሾሙ የሞሉት ቅጽ ከምን ጋር ይመሳከራል?

ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከፕሬዝዳንትነት ከወረዱ በኋላ በ1997ቱ ምርጫ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ በዚህም የጡረታ ጥቅማቸውን አጡ። ያመኑበትን መናገር ግን አላቆሙም። እሳቸው ያን ሁሉ ከተዉ፣ አንድ ቁልፍ መመለስ እንዴት ይከብዳል?