ጥቅሱን ፈታኙም ያውቀዋል

የኃጢአት ፈተናን ስለ ማሸነፍ የተጻፈ ጽሑፍ አነበብሁ፤ ጸሐፊው የፈተና መድኃኒቱ ጾምና ጸሎት ነው ማለታቸው ልክ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በማቴዎስ ምዕራፍ 4 ጌታችን 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ በተራበ ጊዜ ለፈታኙ ለዲያብሎስ ሦስት ጊዜ የመለሰው «ተብሎ ተጽፎአል» እያለ ነው። ሦስቱም መልሶች ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 8 ናቸው፤ እስራኤል በምድረ በዳ የተፈተኑበትን ከሚያስታውሰው ክፍል።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ፈታኙም ከዳዊት ጠቅሷል! «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል» የሚለው መዝሙር 90 ላይ ነው (በሌላው አቆጣጠር 91)። ወረድ ብሎ ያለውን፣ ዘንዶውን ትረግጣለህ የሚለውን ግን አላነሳም። ስለዚህ አንዲት ጥቅስ ቆርጦ ስልክ ላይ መለጠፍ አይበቃም፤ ምዕራፉን ሙሉ ማንበብ፣ ደጋግሞም በቃል መያዝ ያስፈልጋል። ዐቢይ ጾምን 55ቱን ቀን ከሥጋና ከወተት ተከልክለን ዳዊቱን ሳንገልጥ የምናሳልፍ ስንቶች ነን? ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የዝሙት ፈተና ሲሆን ግን መከራከርም አይገባም። ዮሴፍ ልብሱን ትቶ ሸሽቷል፤ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች «ከዝሙት ሽሹ» ነው ያላቸው። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የሚፈትናችሁ ስልካችሁ ከሆነ ማታ ሌላ ክፍል አስቀምጡትና ዳዊታችሁን ትራስጌ አድርጉ።