የሶፍትቦል አሠልጣኝነት ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል?

በጁን 2025 የአሜሪካ ኮሌጆች የሶፍትቦል ፍጻሜ ቴክሳስን ከቴክሳስ ቴክ አገናኘ። ሦስት ጨዋታ ፈጀና ዋንጫውን ቴክሳስ በላው። ሜዳው ላይ የሚሯሯጡት ሁሉ ሴቶች ናቸው። ሁለቱ ዋና አሠልጣኞች ግን ወንዶች ነበሩ። ወንዶቹ ችሎታ የላቸውም ልል አይደለም፣ አላቸው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው እዚህ ወንበር ላይ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

ለማያውቀው ሰው፣ ሶፍትቦል የቤዝቦል፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ፣ እህት ነው። ኳሱ ተለቅ ይላል፣ የሚወረወረው ክንድን አሽከርክሮ ከታች ነው፣ ፒቸሯ (ኳሱን ለመቺዋ የምትወረውረው ተጫዋች) የምትወረውረውም ከ43 ጫማ ርቀት ላይ ነው። ሰባት ኢኒንግ፣ ማለትም ሰባት ዙር፣ ተጫውተው ያበቃሉ። ኮሌጅ ውስጥ የሴቶች ስፖርት ነው፣ ስኮላርሺፕም ያስገኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከወንዶቹ ልጀምር። የቴክሳሱ ማይክ ዋይት ኒው ዚላንድ ነው የተወለደው፣ በወንዶች ሶፍትቦል ስሙ የታወቀ ፒቸር ነበር። የቴክሳስ ቴኩ ጌሪ ግላስኮ በሌሎች ሥር ለዓመታት ረዳት ሆኖ ሠርቷል። በኋላ ሉዊዚያናን ያዘና በ2024 የኦክላሆማን የ71 ጨዋታ ተከታታይ ድል ያቆመው የሱ ቡድን ሆነ። የፍሎሪዳው ቲም ዋልተን ጭራሽ የቤዝቦል ሰው ነው። በ1994 ከኦክላሆማ ጋር የኮሌጅ ቤዝቦል ዋንጫ በልቷል። ሶፍትቦልን በማን ሥር ሠራ ብትሉ፣ በአንዲት ሴት ሥር፣ በኦክላሆማዋ አሠልጣኝ በፓቲ ጋሶ። ፍሎሪዳን ይዞ በ2014 እና በ2015 ሻምፒዮን ሆነ። አሪዞናን ስምንት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገው ማይክ ካንድሪያም የቤዝቦል ተጫዋች ነበር። ክርኑን ተጎድቶ መጫወት ሲያቅተው ወደ አሠልጣኝነት ዞረ፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጀምሮ በ2004 የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ለኦሊምፒክ ወርቅ እስከማብቃት ደረሰ።

አሁን ወደ ጋሶ እንምጣ። እሷም የጀመረችው ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፣ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ውስጥ። ኦክላሆማ ስትመጣ የጠበቃት ስታዲየም አልነበረም። ቡድኑ የሚጫወተው ኖርማን ከተማ ውስጥ ባለ የሕዝብ መናፈሻ፣ ሪቭስ ፓርክ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ናችሁ ተብሎ የሚለቀቅ ሜዳ የለም፣ የከተማው ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚጫወትበት ቦታ ነው። የራሳቸውን ሜዳ ያገኙት በ1998 ነው። በሁለት ዓመቱ ዋንጫ አመጣች። ዛሬ ስምንት ዋንጫ አላት፣ ከ2021 እስከ 2024 ያሉት አራቱ በተከታታይ የተገኙ ናቸው። ደመወዟ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2024 የተከፈተው አዲሱ ስታዲየም ደግሞ ከ4,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። የዛሬውን ስታዲየም እያየ ያን መናፈሻ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከሁሉም ቀልቤን የሚስበው ግን የካሮል ሃቺንስ ታሪክ ነው። በተማሪነቷ ሚሺጋን ስቴት ውስጥ ቅርጫት ኳስም ሶፍትቦልም ትጫወት ነበር። በ1976 ሶፍትቦሉን ብሔራዊ ሻምፒዮን ካደረጉት ልጆች አንዷ ናት። ቅርጫት ኳሱ ውስጥ ግን ለጉዞና ለምግብ የሚመደበው ገንዘብ ከወንዶቹ ጋር አይገናኝም። ልጆቹ ማጉረምረሙን ትተው በ1979 ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። የመዝገቡ መጠሪያም የሷ ስም ሆነ። አስቡት፣ ገና ሥራ ፍለጋ ያልወጣች ልጅ፣ ነገ አሠልጣኝ ልሁን ብላ ደጃቸውን የምታንኳኳቸውን ሰዎች ነው ፍርድ ቤት ያቆመችው። ከዚያ ፌሪስ ስቴት የምትባል ትንሽ ትምህርት ቤት ይዛ አንድ ዓመት ሠራች፣ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ገባች፣ በ1985 ዋና ሆነች። ብቸኛውን ብሔራዊ ዋንጫዋን የበላችው ግን በ2005 ነው። ሃያ ዓመት! ዛሬ የትኛው የአትሌቲክስ ዳይሬክተር (የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ) ነው ያን ያህል የሚታገሠው? በ2022 ጡረታ ስትወጣ ከ1,700 በላይ ድል ነበራት። ወንበሩን የተረከበችው ቦኒ ቶል ድሮ ያሠለጠነቻት ተጫዋች ናት፣ ከሃቺንስ ጎንም ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ረዳት ሆና ቆይታለች። ደጅ መጥናት ማለት ይሄ ነው።

የዩሲኤልኤዋ (ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ኬሊ ኢኑዬ ፔሬዝም እዚያው ግቢ ነው ጥርሷን የነቀለችው። በተጫዋችነት፣ በረዳትነትና በዋና አሠልጣኝነት ዋንጫ በልታለች። ስትጫወት ካቸር፣ ከመቺዋ ጀርባ ሆና ኳሱን የምትቀበለዋ፣ ነበረች፣ ይሄ ደግሞ አይገርመኝም። ሜዳውን ሁሉ ፊት ለፊት የምታየው ካቸሯ ብቻ ናት። ጨዋታ ስታዩ ልብ በሉ፣ አሠልጣኟ ከዳር ሆና ሦስት ቁጥር ትጠራለች ወይም በጣት ታሳያለች፣ ልጆቹ አንጓቸው ላይ ያሰሩትን ካርድ ያያሉ፣ የሚቀጥለው ውርወራ ምን ዓይነት እንደሆነና የት እንደሚያርፍ ያውቃሉ። ካቸር ለነበረች ሴት ይሄ የድሮ ሥራዋ ነው።

ለየት ያሉም አሉ። ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲን የምታሠለጥነው ዶት ሪቻርድሰን የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ናት፣ በ1996 እና በ2000 የኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቃለች። በ2025 ቡድኗ የውድድሩን ቁጥር አንድ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን በመጀመሪያው ዙር አሰናብቷል። የቴነሲዋ ካረን ዊክሊ ደግሞ ሕግ ተምራለች።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቤዝቦል ተጫውቶ ያደገ ወንድ ወደ ሶፍትቦል መጥቶ ሥራ ሊያገኝ ይችላል። ሶፍትቦል ተጫውታ ያደገች ሴት ግን ወደ ወንዶች ቤዝቦል ሄዳ ዋና አሠልጣኝ የመሆን ዕድሏ፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወንዱ ሁለት ገበያ አለው፣ ሴቷ አንድ። በዚያ በአንዱም ከወንድም ከሴትም ጋር ትፎካከራለች።

ይሄ ድንገት የመጣ አይደለም። በትምህርት ቤት የፆታ መድልዎን የከለከለው ታይትል ናይን በ1972 ሲወጣ፣ ከአሥር የኮሌጅ የሴቶች ቡድኖች ከዘጠኝ በላይ የሚሠለጥኑት በሴቶች ነበር። ብዙዎቹ የስፖርት አስተማሪዎች ናቸው፣ ክፍያው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሕጉ ገንዘብ አመጣ። ገንዘቡ ሲመጣ ሥራው የወንድ አመልካች በዛበት፣ ቀጣሪዎቹም በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ከአርባ ዓመት በኋላ የሴቶቹ ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። ሶፍትቦል ከሌሎቹ ስፖርቶች የተሻለ ይዟል። ግን ገንዘቡ ገና አሁን ነው የደረሰበት። ፒቸሯ ናይጃሪ ካናዲ ከስታንፎርድ ወደ ቴክሳስ ቴክ ስትዛወር የፈረመችው የአንድ ዓመት ውል ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ተጫዋች ይህን ያህል የምታገኝበት ቤት ለአሠልጣኝ ሃያ ዓመት ይታገሣል ብዬ አላምንም። የሚፈለገው ነገ የሚያሸንፍ፣ ስሙ የገነነ ሰው ነው።

ወንዶች አይግቡ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። ካንድሪያን ከሶፍትቦል ታሪክ ማን ይፍቀው? ደግሞም በ2021 ሲወጣ የተካችው ካትሊን ሎው የራሱ ተጫዋች ነበረች። በመጀመሪያ ዓመቷ ቡድኑን ከመጨረሻዎቹ ስምንት አስገባች። የኔ ሙግት የቅጥር ዝርዝሩ ላይ ነው። ወንበር ሲለቀቅ ዳይሬክተሮች የሚደውሉት ትልልቅ ስም ላላቸው ነው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሠልጣኝዋ ስልክ ግን አይጮኽም። ጋሶም ካንድሪያም የተገኙት እኮ ከዚያ ነው።

አሜሪካ ያላችሁና ልጃችሁ ይሄን ጨዋታ የምትጫወት ወላጆች፣ ኮሌጅ ስትመርጡ የዋናውን አሠልጣኝ ፎቶ አይታችሁ አትመለሱ። ረዳቶቹን ተመልከቱ። ልጃችሁን በየቀኑ የሚያገኟት እነሱ ናቸው። ስንት ዓመት ቆዩ፣ ከዚህ በፊት ከዚያ ቤት ረዳት ሆና ወደ ዋናነት ያደገች ሴት አለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የለችም» ከሆነ ለምን እንደሌለች አስከትሉ።